አፍንጫው ከመነሳቱ በፊት፦ ስለ ፒክአፕ ቁመት የተደረገ ምልልስ

ፒክአፕ መኪና ባዶውን ሲቆም ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ይላል። አሜሪካ ውስጥ ይህን ልዩነት ለማጥፋት የፊቱን ቁመት የሚጨምር፣ ሌቭሊንግ ኪት የሚባል ዕቃ በሰፊው ይሸጣል፤ በዚያ የሚኖሩ ፒክአፕ የሚነዱ ወገኖቻችንም ያስገጥሙታል። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ክርክሩን እንዲሸከሙ በጸሐፊው የተፈጠሩ ናቸው። አንደኛው በሰሜን ቨርጂኒያ ቶዮታ ታኮማ የሚባለውን ፒክአፕ የሚነዳ ወጣት ነው፤ ሌላኛው ዕድሜውን በሙያው የገፋ መካኒክ።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ታኮማዬን ከጎን ሲያዩት አፍንጫውን የደፋ ይመስላል። የፊቱን በሁለት ኢንች፣ ማለትም በ5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከፍ የሚያደርግ ሌቭሊንግ ኪት ላስገጥምለት ነው። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ሥራውም ከግማሽ ቀን አያልፍም ይላሉ። እርስዎ ግን ነገሩን የወደዱት አይመስሉም። መኪና ቀጥ ብሎ ቢቆም ምን ክፋት አለው?

መካኒኩ፦ ቀጥ ብሎ መቆሙ ክፋት የለውም። እኔ የምጠይቅህ መቼ ቀጥ እንዲልልህ እንደምትፈልግ ነው። ፒክአፕ ባዶውንም ተጭኖም እንዲሄድ የተሠራ መኪና ነው። ከፊት ሞተሩ ስላለ የፊት ጎማዎቹ የሚሸከሙት ክብደት ከቀን ቀን ብዙ አይለዋወጥም። የኋላው ግን ዛሬ ባዶ ነው፣ ነገ ሲሚንቶ ወይም የቤት ዕቃ ይጫንበታል። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2023 የተሠሩት ታኮማዎች፣ ያንተም ጭምር፣ ከኋላ ባሌስትራ ነው ያላቸው፤ ባሌስትራው ጭነት ሲቀበል ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ይፈልጋል። መሐንዲሶቹ ያን ቦታ ያገኙለት የኋላውን አስቀድመው ከፍ አድርገው በማስቀመጥ ነው። ስለዚህ አንተ ጉድለት ያልከው ያ የቁመት ልዩነት ገና ላልመጣ ጭነት የተያዘ ቦታ ነው። መኪናው የሚፈቀድለትን ጭነት ሲይዝ የኋላው ይወርድና ከፊቱ ጋር ይስተካከላል። አንተ ባዶውን ቀጥ ካደረግኸው፣ በተጫነ ቀን አፍንጫው ወደ ሰማይ ያያል። እንግዲህ የኔ ክርክር ይህ ነው፤ የፒክአፕ ቁመት መመዘን ያለበት ጭኖ ሲቆም እንጂ ባዶውን መንገድ ዳር ሲቆም አይደለም። በባዶ መኪና ላይ ለዓይን ተብሎ የሚጨመረው እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ደግሞ ከፊት ጎማዎቹ መንቀሳቀሻ ላይ ተቀንሶ የሚከፈል ነው።

ወጣቱ፦ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልቃወም። አንደኛ፣ እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምነዳው ባዶውን ነው። ሁለተኛ፣ አፍንጫው ቢነሳ ክብደቱ ከፊት ጎማዎች ላይ ሸሽቶ መሪው ይቀላል ሲሉ እሰማለሁ፤ ነገር ግን ሦስት ሜትር በሚያልፍ መኪና ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ማዘንበል ይህን ያህል ክብደት ከቦታው አያንቀሳቅስም። ፊዚክሱ የሚያስፈራ አይመስለኝም።

መካኒኩ፦ ሁለተኛው ተቃውሞህ ትክክል ነው፤ የሚሉትም ሰዎች ተሳስተዋል። በጥቂት ሴንቲ ሜትር ማዘንበል ብቻ ከአክስል ወደ አክስል የሚሸጋገረው ክብደት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። የፊቱን የሚያቀለው ሌላ ነገር ነው፤ ከኋላ አክስል ወደ ኋላ የሚያርፍ ጭነት። ሁለት ቶን የሚመዝን ተጎታች ብትጎትት፣ በተለመደው አሠራር ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ኳስ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። 12 በመቶ ብንወስድ 240 ኪሎ ነው። ኳሱ ከኋላ አክስል 1.2 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ነው እንበል። ባለ አራት በሩ፣ አጭር የጭነት ቦታ ያለው ታኮማ በሁለቱ አክስሎች መካከል 3.24 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። 240 በ1.2 ተባዝቶ ለ3.24 ሲካፈል 89 ኪሎ ገደማ ይመጣል። የፊት ጎማዎችህ ያን ያህል ክብደት ያጣሉ፤ የኋላዎቹ 329 ኪሎ ይጨመርባቸዋል። ይህ የሚሆነው ኪቱ ቢኖርም ባይኖርም ነው፤ በኪቱ ላይ አላላክከውም። መድኃኒቱም ክብደቱን ወደ ፊት የሚመልስ የመጎተቻ ዓይነት ወይም ጭነቱን ከአክስሉ ፊት ማስቀመጥ ነው። ኪቱ የሚያደርገው ምልክቱን ማዛባት ነው። ፋብሪካው ባስቀመጠው ቁመት ላይ ያለ መኪና የኋላው ከፊቱ በታች ሲወርድ ስታይ ከልክ በላይ እንደጫንክ ወይም ጭነቱን ወደ ኋላ እንዳበዛህ ታውቃለህ። ኪት የገባለት ግን በትንሽ ጭነት ያንኑ መልክ ይይዛል፤ ዓይንህም ሁለቱን መለየት ያቅተዋል። ከዚያ ሰዉ ምን ያደርጋል? የኋላውን ለማንሳት የአየር ከረጢት ወይም ተጨማሪ የባሌስትራ ምላጭ ይገዛል። የመጀመሪያውን ለውጥ ለማረም ሁለተኛ ለውጥ መጣ ማለት ነው። የአየር ከረጢቱም ሆነ ምላጩ ባሌስትራውን ያጠነክራል እንጂ መኪናው እንዲጭን የተፈቀደለትን ክብደት በአንድ ኪሎ አይጨምርም፤ የተፈቀደው በነጂው በር ፍሬም ላይ የተለጠፈው ነው፣ እሱም አይለወጥም።

ወጣቱ፦ የመጀመሪያውን ግን አልመለሱልኝም። የማልጭን ከሆነስ?

መካኒኩ፦ የማትጭን ከሆነ ከኋላ የምትከስረው ነገር የለም። የሚቀረው የፊቱ ሒሳብ ነው፤ ዋናው ነገርም እሱ ነው። የታኮማ ፊት ላይና ታች ሁለት ክንዶች አሉት። ሞላና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ ተጣምረው የታችኛውን ክንድ የሚይዙት ከጎማው ዘንድ ሳይሆን፣ በክንዱ መሽከርከሪያና በጎማው መካከል ነው። ለዚህ ነው ጎማው 5 ሴንቲ ሜትር እንዲወርድ ከተፈለገ ከሾኩ በላይ የሚገባው፣ ስፔሰር የሚባለው የኪቱ ቁራጭ ውፍረቱ የዚያ ግማሽ ገደማ ብቻ የሚሆነው። ብዙ ሰው ባለ ሁለት ኢንች ኪት አዝዞ ከካርቶኑ ውስጥ የአንድ ኢንች ቁራጭ ሲያገኝ የተጭበረበረ ይመስለዋል፤ አልተጭበረበረም፣ ቀሪውን የሚሠራው ክንዱ ነው። አሁን ልብ በል። ስፔሰሩ የሚቀመጠው ከጠቅላላው ሾክ አናት ላይ ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ሞላው የሚሸከመው ክብደት አልተለወጠም፤ ስለዚህ ሞላውም ሾኩም እንደ ቀድሞው ርዝመታቸው ናቸው። ለዚህ ነው በአስፋልት ላይ የግልቢያው ስሜት እምብዛም የማይለወጠው፤ የስፔሰሩ እውነተኛ ጥቅም ይህ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ወይም መኪናው በክሪክ ሲነሳ ወደ ታች የሚወርድበትን መጨረሻ የሚወስነው የሾኩ ርዝመት ነው። ሾኩን ከላይ ገፍተህ ዝቅ ስላደረግኸው ጎማው ፋብሪካው ካሰበው መጨረሻ 5 ሴንቲ ሜትር አልፎ ይወርዳል። በዚያ መጨረሻ ላይ የላይኛው ክንድ ቦል ጆይንት ካልተሠራበት ማዕዘን ይደርሳል፤ በአንዳንድ መኪኖች ላይ ክንዱ ራሱ ሞላውን ይነካል። ከፊት ዲፈረንሻል ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ሴምያስም ማዕዘኑ ይሰፋል፤ ግሪሱን የሚይዘው የላስቲክ ልባስ እጥፋቶቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ቶሎ ይሰነጠቃሉ፣ ልባሱ ከተቀደደ ደግሞ አሸዋ ገብቶ መገጣጠሚያውን ይጨርሰዋል። ወደ ላይ ሲሆንም ክንዱ መኪናው ላይ ካለው የላስቲክ ማቆሚያ ከመድረሱ በፊት ሾኩ ውስጡን ሊመታ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚደርሰው ባዶም ብትሄድ ነው።

ወጣቱ፦ እንደሱ ከሆነ ስፔሰሩን ትቼ ሞላውን ራሱን የሚያጠብቀውን ዓይነት ብወስድስ? የሞላውን መቀመጫ በተለያየ ቁመት ማቆም የሚቻልባቸው ሾኮች አሉ፤ ቢልስታይን 5100 የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል።

መካኒኩ፦ ይህ የተሻለ አስተሳሰብ ነው። ሾኩ ባለበት ሆኖ የሞላው መቀመጫ ከፍ ሲል፣ ጎማው የሚወርድበት መጨረሻ ስፔሰሩ እንደሚያደርገው አይገፋም፤ ቦል ጆይንቱም ሴምያሱም ለተሠሩበት ማዕዘን ቅርብ ይሆናሉ። ዋጋው ሌላ ቦታ ይከፈላል። መኪናው ቆሞ ሳለ ሾኩ ይበልጥ ተዘርግቶ ስለሚቆም ወደ ታች የቀረው መንገድ ያንሳል። ሰዎች ሞላው ጠነከረ ይላሉ፤ ሞላው አልጠነከረም፣ ያው ብረት ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ የሚከተልበት መንገድ ስላጠረ ሾኩ መጨረሻው ላይ ይመታል፤ የምትሰማው እሱን ነው። አገር ቤት በነበሩት የቆዩ ባለ አራት ጎማ ነጂ ሃይሉክሶች ላይም ነገሩ ይኸው ነው፤ ከ2005 በፊት በተሠሩት በብዙዎቹ ፊት ላይ በሞላ ፈንታ ቶርሽን ባር አለ፤ ብሎኑን ስታጠብቀው ፊቱ በነፃ ከፍ ይላል። ዘንጉ ግን አልጠነከረም፤ ክንዱ ወደ ታችኛው ማቆሚያው ተጠጋ እንጂ። በወጪ ደረጃ ነፃ የሆነው በመንገድ ላይ ነፃ አይደለም። ሙሉው መፍትሔ ረዘም ያለ ሾክ፣ ለሚሸከመው ክብደት የተመረጠ ሞላና ማዕዘኑ የታረመ የላይኛው ክንድ አንድ ላይ መግዛት ነው፤ እሱ ደግሞ ርካሽ አይደለም።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ነገሩ እንዲህ አደገኛ ከሆነ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ለምን ያደርጉታል? ቶዮታ ቲ አር ዲ ፕሮ የሚለው ታኮማ ከፋብሪካው ፊቱ ከፍ ብሎ ነው የሚወጣው።

መካኒኩ፦ ጥሩ ማስረጃ አመጣህ፤ ግን ለኔ ወገን ነው የሚመሰክረው። በ2017 የወጣው ቲ አር ዲ ፕሮ ፎክስ የሚባሉ ሾኮች ተገጥመውለት ፊቱ ከፍ ያለው በአንድ ኢንች፣ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ሾኩም ሞላውም አብረው ተለውጠዋል። ይህን ያደረገው የመኪናውን እያንዳንዱን ማዕዘን የሚያውቀው ድርጅት ነው፤ በራሱ ዋስትና የሚሸጥ መኪና ላይ ያን ያህል ብቻ ከጨመረ፣ በአንድ ቁራጭ አልሙኒየም እጥፉን መጨመር ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ አስበው። ለዚህ ነው ጨርሶ አታስገጥም የማልልህ። ከፊት የብረት ፓራውልትና ዊንች የሚያስር ሰው አለ፤ በረዶ የሚጠርግ ምላጭ የሚያንጠለጥል አለ። እነዚህ ሰዎች ከፊት ቋሚ ክብደት ስለጨመሩ ፊታቸው ወርዷል፤ የወረደውን መመለስ መብታቸው ነው። እነሱም ቢሆኑ የሚሻላቸው ለዚያ ክብደት የሚሆን ሞላ ነው፣ ምክንያቱም ችግራቸው የቁመት ሳይሆን የክብደት ነው።

ወጣቱ፦ እኔ ደግሞ ትልቅ ጎማ ማግባት እፈልጋለሁ። 285/70 አር 17፣ 33 ኢንች ገደማ የሚሆነውን። ለሱስ ቁመቱ አያስፈልግም?

መካኒኩ፦ ብዙ ሰው ኪቱን የሚገዛው ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰውም ገዝቶ የሚበሳጨው በዚሁ ነው። በታኮማ ላይ ያ ጎማ የሚነካው መሪው ዳር ድረስ ሲዞር ከጎማው ቤት የኋለኛ ጎን ነው፤ እዚያ የካቢኑ ማሰሪያ ብረትና የውስጡ ፕላስቲክ አሉ። ቁመት መጨመር ጎማውን ከፓራፋንጎው ያርቀዋል እንጂ ከዚያ ብረት አያርቀውም። አላይመንቱ በትክክል ካልተሠራ ደግሞ ጎማው ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚሄድ መነካካቱ ይብሳል። ስለዚህ ብዙዎቹ በመጨረሻ ብረቱን ቆርጠው ይበይዱታል። ትልቅ ጎማ የፈለገ ሰው መጠየቅ ያለበት ጎማው የት እንደሚነካ ነው። መልሱ በአብዛኛው ወርድና የሪሙ አቀማመጥ ነው፤ ቁመት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ወጣቱ፦ አንድ የቀረኝ አለ። ከፍ ስል መንገዱ በደንብ ይታየኛል። ይህ የደኅንነት ጉዳይ አይደለም?

መካኒኩ፦ የራቀውን ታያለህ፣ የቀረበውን ታጣለህ። የምትነሳው አንተ ብቻ ሳትሆን ኮፈኑም ነው፤ እንዲያውም አፍንጫው ከወንበርህ ይበልጥ ይነሳል፣ ምክንያቱም የተነሳው ፊቱ ነው። ከኮፈኑ ፊት የሚቆም ሕፃን የሚሰወርበት ቦታ ይሰፋል። የአሜሪካ የሀይዌይ ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት፣ የኮፈናቸው ቁመት ከ40 ኢንች፣ ከአንድ ሜትር ገደማ፣ የሚበልጥ መኪኖች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው ኮፈናቸው 30 ኢንችና ከዚያ በታች ከሆነና ዘንበል ካለ መኪኖች ወደ 45 በመቶ ያህል የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ስለ ሌቭሊንግ ኪት አይደለም፤ ስለ መኪኖቹ የተፈጥሮ ቅርፅ ነው። ነገር ግን የኮፈን ቁመት የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑን ካሳየን፣ ለመልክ ብሎ በዚያ አቅጣጫ መጨመር ከባድ ምክንያት የሚጠይቅ ነገር ነው። ወደ ሌላው ጫፍ የሄዱትንም ተመልከት። ፊታቸውን እጅግ አንስተው ኋላቸውን የሚደፉ መኪኖች በደቡቡ ክፍል ፋሽን ሆነው ነበር። ኖርዝ ካሮላይና እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ የፊት ፓራፋንጎው ከኋላው በ4 ኢንችና ከዚያ በላይ የሚበልጠውን ከለከለች፤ ያንተ ግዛት ቨርጂኒያ በ2022፣ ሳውዝ ካሮላይና ደግሞ በ2023 ተከተሉ። ያንተ ባለ ሁለት ኢንች ኪት ከእነዚህ ሕጎች ጋር አይጋጭም፤ እንደሱ ብዬ ላስፈራራህ አልፈልግም። ሕግ አውጪዎቹን ያሳሰባቸው ግን እኛ የምንነጋገርበት ነገር ነው፤ ነጂው ከፊቱ ያለውን ማየት አለመቻሉና መብራቱ የሌላውን ሰው ዓይን ማወሩ።

ወጣቱ፦ መብራቱን ምን ያህል ያዛባዋል? 5 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ናት።

መካኒኩ፦ ቁጥሩን እንሥራው። የፊቱ በ5 ሴንቲ ሜትር ሲነሳ መኪናው በ324 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላይ ያዘነብላል፤ 5 ለ324 ሲካፈል 1.5 በመቶ ያህል ነው። መብራቱ ከመኪናው ጋር የታሰረ ስለሆነ ብርሃኑ በዚያው መጠን ወደ ላይ ይነሳል። በ25 ሜትር ርቀት ላይ 39 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ መብራቱ ራሱ የተነሳበትን ጨምር። የአጭር መብራት ብርሃን የሚቆረጥበት የላይኛው መስመር እንደ መኪናው ዓይነት ከአግድም ጋር እኩል ወይም እስከ አንድ በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ይስተካከላል። ላዩ ላይ 1.5 በመቶ ስትጨምርበት በሁለቱም መንገድ ከአግድሙ በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ከፊትህ በሚሄደው ሰው ስፖኪዮና ከፊት ለፊት በሚመጣው ነጂ ዓይን ውስጥ ያርፋል። በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። አላይመንት ያልተሠራለት ሰው የራሱን ጎማ ይበላል፤ መብራቱን ያላስተካከለ ግን ጉዳቱን የሚያደርሰው በማያውቀው ሰው ላይ ነው። ሥራው ደግሞ አንድ ብሎን ማዞር ነው! ጭነት ከመጣ የኋላው ሌላ 5 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ማዘንበሉን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። በእርግጥ ያልተነካ መኪናም ሲጫን መብራቱ ይነሳል፤ መብራቱን ካስተካከልክ በዚህ ረገድ ከማንም መኪና አትብስም። ካላስተካከልክ ግን የሁለቱን ድምር ይዘህ ትሄዳለህ። ከ2018 ጀምሮ በታኮማ ላይ የመጡት የመጋጨት ማስጠንቀቂያና ራስ ገዝ ፍሬንም በመስታወቱ ላይ ባለ ካሜራና በፊት ባለ ራዳር ነው የሚሠሩት፤ እነሱም ከመኪናው ጋር አብረው ያዘነብላሉና አቅጣጫቸው መታየት አለበት።

ወጣቱ፦ ይህን ሁሉ ሰምቼ አሁንም ትንሽ ከፍ ላደርገው ብፈልግ፣ እርስዎ እንዴት ይሠሩታል?

መካኒኩ፦ ሥራው የሚጀምረው ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ነው። ጎማዎቹ በሚገባው ንፋስ ተሞልተው፣ ነዳጅ ታንኩ ሞልቶ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን በአራቱም ማዕዘን ትለካለህ። ከመሬት አትለካ፤ የጎማ ውፍረት ያታልልሃል። ታኮማ በነጂው በኩል ትንሽ ዘንበል ማለት ልማዱ ስለሆነ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ አትደንግጥ። ከዚያ በኑሮህ ውስጥ የሚያጋጥምህን ትልቁን ጭነት ጫንበት፤ ተጎታች ካለህ እሱን እሰር። እንደገና ለካ። በተጫነ ጊዜ የኋላው አሁንም ከፊቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ያን ያህል ፊቱን ማንሳት ትችላለህ። እኩል ከሆነ ወይም የኋላው ከወረደ መልስህን መለኪያው ሰጥቶሃል። ቀጥሎ ከታች ግባና የታችኛውን ክንድ የሚይዙትን፣ አላይመንት የሚስተካከልባቸውን ብሎኖች ተመልከት። በክረምት መንገዱ ላይ ጨው በሚረጭበት አገር እነዚህ ብሎኖች ከውስጥ ዝገው ከቧንቧቸው ጋር ይጣበቃሉ። ከተጣበቁ አላይመንት መሥራት አይቻልም፤ አላይመንት ካልተሠራ ደግሞ ኪቱ መግባት የለበትም። ፊቱ ሲነሳ ካስተሩ፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ያዘነበለበት ማዕዘን፣ ይቀንስና መሪው ከመጠምዘዝ በራሱ መመለስ ይሰንፋል፣ ጎማውም ባንድ ጎኑ ይበላል። ብዙ ሰው ኪቱን አስገብቶ የአላይመንቱን ቀጠሮ ለሚቀጥለው ወር ያደርገዋል፤ እኔ ግን ቀጠሮው ሳይያዝ ክሪኩን አላነሳም።

ወጣቱ፦ መግጠሙ ላይስ የሚፈራ ነገር አለ?

መካኒኩ፦ አንድ የሚገድል ነገር አለ። በሾኩ አናት ላይ ዙሪያውን ሦስት ዳዶዎች፣ መሐሉ ላይ አንድ ዳዶ ታያለህ። ሦስቱ ሾኩን ከመኪናው ጋር ያስሩታል። የመሐሉ የታመቀውን ሞላ ይዞ የሚኖር ነው፤ ሞላው በመሣሪያ ሳይታሰር እሱ ከተፈታ ሞላው ሰው ይገድላል። ስፔሰሩ ከላይ ስለሚቀመጥ የመሐሉን መንካት ጨርሶ አያስፈልግም። ሌላው ጥንቃቄና ትዕግሥት ነው። መኪናው በክሪክ ላይ ብቻ አይተውም፤ ሻሲው ስር ጠንካራ ማቆሚያ ይገባል። የሚዛን ዘንጉ ማያያዣዎችና የላይኛው ቦል ጆይንት ሲፈቱ፣ የጎማው መያዣ በፍሬን ቱቦውና በኤቢኤሱ ሽቦ ላይ እንዳይንጠለጠል በገመድ ይታሰራል። ሾኩ ሙሉውን ይወጣል፣ ስፔሰሩ አናቱ ላይ ይታሰራል፣ ተመልሶ ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ፤ ጎሚኒ ባለባቸው መገጣጠሚያዎች ላይ ያሉት ብሎኖች የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት መኪናው መሬት ላይ ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ካጠበቅኸው ጎሚኒው ተጠማዞ ይታሰራል፣ መኪናው ሲወርድ ደግሞ ዘወትር እንደተጠማዘዘ ይኖራል፤ በአጭር ጊዜም ይቀደዳል። ጥብቀቱ ደግሞ በክንድ ግምት ሳይሆን መጠኑን በሚያሳይ ቁልፍ፣ የመኪናው መጽሐፍ በሚለው ልክ ነው። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ሁሉም አንድ ጊዜ እንደገና ይፈተሻል።

ወጣቱ፦ እንግዲያው እኔ ሁለቱን ኢንች ትቻለሁ። ጭኜ እለካለሁ፤ ቦታ ከተረፈኝ በአንድ ኢንች፣ ያውም በሾክ እንጂ በስፔሰር አይሆንም። የቀረኝ ጥያቄ መብራቱን በቤቴ እንዴት እንደማስተካክለው ነው።

መካኒኩ፦ ሾኩ ከመለወጡ በፊት ጀምር። መኪናውን ሜዳ ላይ፣ ከአንድ ግድግዳ 25 ጫማ፣ 7.6 ሜትር ያህል አርቀህ አቁም። የመብራቱን መሐል ቁመት ከመሬት ለካና በግድግዳው ላይ በፕላስተር መስመር አስምር። አጭሩን መብራት አብራና ብርሃኑ የሚቆረጥበት መስመር ከዚያ በታች ወይም በላይ በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ጻፍ። ሾኩ ገብቶ አላይመንቱ ካለቀ በኋላ እዚያው ቦታ ተመለስ፤ የመብራቱ መሐል ስለተነሳ አዲሱን ቁመት ለክተህ አዲስ መስመር አስምር፤ ከዚያም ልዩነቱ ቀድሞ ወደነበረው እስኪመለስ የማስተካከያውን ብሎን አዙር። ሁለቱንም መብራት ለየብቻ፣ አንዱን በጨርቅ ሸፍነህ።